ካሜራው ሲመረጥ አጣቢዋም ትጠየቅ

ለማስተማሪያ ሆስፒታል የኢንዶስኮፕ ካሜራ ይገዛ በተባለ ቁጥር መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ሥዕሉ ምን ያህል ይጠራል?» የሚል። ሻጩ ቴሌቪዥኑን አብርቶ የቢራቢሮ ክንፍና የአበባ ቅጠል ያሳያል። «ይኸኛው ፎር ኬ ነው፤ ያኛው ጊዜው ያለፈበት ነው» ይላል። የተሰበሰበውም ሰው በሥዕሉ ጥራት ተገርሞ ራሱን ይነቀንቃል። ዳሩ ግን የመሣሪያው ዕድሜ የሚወሰነው በዚያ አዳራሽ ውስጥ አይደለም። የሚወሰነው ቀዶው ካለቀና ሐኪሙ ጓንቱን አውልቆ ከወጣ በኋላ፣ ደም የነካውን ዕቃ ተሸክማ ወደ እጥበት ክፍል በምትሄደው ሠራተኛ እጅ ነው። እርስዋን ግን ብዙ ጊዜ ወደ ምርጫው ስብሰባ የሚጠራት የለም።

እኛ ይህን ጽሑፍ ለማኅበራችን ጋዜጣ ያቀረብነው የሕክምና፣ የነርስነትና የምህንድስና ተማሪዎች ሆነን ነገሩን ብዙ ጊዜ ከተከራከርንበት በኋላ ነው። የምንለውም በአጭሩ ይህ ነው። የካሜራ ምርጫ የሥዕል ምርጫ ብቻ አይደለም። የሚታጠበውን፣ የሚጠገነውንና ነገም የሚበራውን መምረጥ ነው። ስለዚህ የሚያጥቡት፣ የሚጠግኑትና የሚማሩበት ሰዎች ከሐኪሙ ጋር አብረው ሊጠየቁ ይገባል። ነገሩ የሐኪሞች ጉዳይ ነው ብሎ ገጹን ሊያልፍ የሚያስብ የሕግ ወይም የታሪክ ተማሪ ቢኖር፣ የሚከፈለው የሕዝብ ገንዘብ መሆኑን፣ በአልጋው ላይ የሚተኛውም ነገ የራሱ ዘመድ ሊሆን እንደሚችል እናስታውሰዋለን።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደ ሆነ ላልተመለከቱት እንግለጽ። በቀድሞው መንገድ ሐኪሙ የሆድ ዕቃ ውስጥ ለመሥራት ሆዱን በሰፊው ይከፍታል። ላፓሮስኮፒ በሚባለው መንገድ ግን ሆዱ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ይነፋል። ግፊቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 15 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው። ከዚያ በኋላ ከ5 እስከ 12 ሚሊሜትር በሚሰፉ ጥቂት ቀዳዳዎች ረጃጅም መሣሪያዎች ይገባሉ። በአንደኛው ቀዳዳ የሚገባው ቴሌስኮፕ የሚባል ቀጭን የመነጽር ዘንግ ነው። ከዘንጉ ጋር የብርሃን ገመድ ይያያዛል፤ ገመዱም ከብርሃን ሰጪው ሣጥን ይመጣል። በዘንጉ ጫፍ ላይ የካሜራው ራስ ይገጠማል። የካሜራው ራስ ሥዕሉን ወደ ማቀነባበሪያው ሣጥን ይልካል፤ ሣጥኑም ወደ ማሳያው ቴሌቪዥን ያደርሰዋል። እንግዲህ ካሜራ ብለን በአንድ ቃል የምንጠራው ነገር ስድስት ዕቃ ነው፤ ዘንግ፣ ብርሃን ሰጪ፣ የብርሃን ገመድ፣ የካሜራ ራስ፣ ማቀነባበሪያና ማሳያ። ከሦስቱ ጉልቻ አንዱ ሲነሣ ድስቱ እንደማይቆም ሁሉ፣ ከስድስቱም አንዱ ሲጐድል የቀሩት አምስቱ ሥራ ፈት ናቸው።

«ይህ የባለጸጋ አገር ቅንጦት ነው፤ ገና በምጥ የተያዘችውን እናት በጊዜው ቀዶ ለማዋለድ ያልዳረሰ አገር ስለ ካሜራ ምን ያወራል?» የሚሉን አሉ። ጥያቄው ከቅን ልብ የመጣ ነውና አንንቀውም። በ2015 እ.ኤ.አ. የላንሴት የዓለም ቀዶ ሕክምና ኮሚሽን ባወጣው ጥናት 5 ቢሊዮን ያህል ሕዝብ አስተማማኝና አቅሙ የሚፈቅደው ቀዶ ሕክምና እንደማያገኝ ገልጿል። ስለዚህ ወላዷን የሚያስረሳ ካሜራ እንዲገዛ የሚከራከር ከመካከላችን የለም። ነገር ግን ትንሽ ቁስል ለሀብታም ብቻ የሚጠቅም ነገር አይደለም። በወንበር ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ሆዱ በሰፊው ቢቀደድም ቆይቶ ወደ ወንበሩ ይመለሳል። ሸክም ተሸክሞ የሚያድር፣ ሞፈር ይዞ የሚያርስ፣ እንጨት ለቅማ የምትሸጥ ሰው ግን ኑሮዋ በጉልበቷ ነው። የሐሞት ከረጢቱ በትንሽ ቀዳዳ የወጣለት በሽተኛ ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ከሆስፒታል ይወጣል፤ ሆዱ የተከፈተው ግን ለቀናት ይተኛል፣ ከባድ ሥራም ለብዙ ሳምንት አይነካም። እንዲያውም ትንሿ ቁስል ከማንም በላይ የምትጠቅመው የዕለት እንጀራውን በጉልበቱ የሚያገኘውን ድሃ ነው።

ነገሩ ከባድ የሚሆነው ግን ካሜራው በቀዶው መካከል ሲጠፋ ነው። በዚያን ጊዜ ሐኪሙ ምንም አያይም። ሥዕሉ ካልተመለሰ ሆዱን በሰፊው ከመክፈት በቀር ሌላ መንገድ የለውም። በሽተኛውም ትንሹንም ትልቁንም ቁስል በአንድ ቀን ይሸከማል። ስለዚህ ለእኛ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ያህል ይጠራል?» ሳይሆን «በየቀኑ ይበራልን?» የሚል ነው።

ካሜራው ለምን እንደ መጣ ታሪኩን ማየት ይረዳል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ1806 ፊሊፕ ቦትሲኒ የተባለ የፍራንክፈርት ሐኪም የሰውን ገላ ውስጥ ለማየት በሻማ ብርሃን የሚሠራ መሣሪያ አቀረበ። በ1879 ማክሲሚሊያን ኒትሴ በኤሌክትሪክ በጋለ ሽቦ የሚበራውን የፊኛ መመልከቻ በቪየና አሳየ። በ1910 የስዊድኑ ሐኪም ሃንስ ክርስቲያን ያኮቤዎስ በሰው ሆድና ደረት ውስጥ በዚህ መንገድ መመልከቱን ጻፈ። በ1959 እንግሊዛዊው ሃሮልድ ሆፕኪንስ በመነጽር ዘንግ ውስጥ ረጃጅም የብርጭቆ በትሮችን በመደርደር ሥዕሉን እጅግ ብሩህ የሚያደርገውን ብልሃት አስመዘገበ። በ1985 ደግሞ ጀርመናዊው ኤሪክ ሙሄ የመጀመሪያውን የሐሞት ከረጢት በላፓሮስኮፒ አወጣ።

ከእነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ ካሜራ አልነበራቸውም። ዓይናቸውን በዘንጉ ጫፍ ላይ አድርገው ያዩ ነበር። የሚያየው ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር። ረዳቱ የሚይዘውን ሳያይ ይይዛል፤ ነርስዋ ቀጥሎ የሚፈለገውን ሳታይ ትገምታለች፤ ተማሪውም ከግድግዳው ተጠግቶ የሐኪሙን ጀርባ ይመለከታል። በ1969 ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ በቤል ላቦራቶሪ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጠውን ሲ.ሲ.ዲ. አሰቡ፤ በ2009ም ለዚህ ሥራቸው የኖቤል ሽልማት ተካፋዮች ሆኑ። ይህ ትንሽ ቁራጭ ከዘንጉ ጫፍ ላይ ሊገጠም በሚችል ካሜራ ውስጥ ሲገባ የአንዱ ሐኪም ዓይን የሁሉም ዓይን ሆነ። እንግዲህ ካሜራው በማስተማሪያ ሆስፒታል የሐኪሙ መነጽር ብቻ አይደለም፤ የክፍሉ ሁሉ ጥቁር ሰሌዳ ነው። የሚመረጠውም ይህ ታስቦ መሆን አለበት።

አሁን ወደ ሥዕሉ እንምጣ። ሙሉ ኤች.ዲ. የሚባለው ሥዕል 1,920 በ1,080 ነጥብ አለው፤ ይህም ከ2 ሚሊዮን ጥቂት ይበልጣል። ፎር ኬ የሚባለው 3,840 በ2,160 ነጥብ ነው፤ ይህም ከ8 ሚሊዮን በላይ፣ ልክ አራት እጥፍ ነው። በወረቀት ላይ ልዩነቱ ታላቅ ነው። ነገር ግን የሰው ዓይን ወሰን አለው። ጤናማ ዓይን ሁለት ነጥቦችን ለይቶ የሚያየው በመካከላቸው የአንድ ዲግሪ ስልሳኛ ያህል ሲኖር ነው። ይህ ከ1.5 ሜትር ርቀት ላይ 0.44 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። በ27 ኢንች ማሳያ ላይ የኤች.ዲ. አንዱ ነጥብ 0.31 ሚሊሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ ሐኪሙ ከማሳያው 1.5 ሜትር ርቆ ከቆመ ነጥቦቹ ቀድሞውንም ዓይኑ ከሚለየው ያነሱ ናቸው። እነርሱኑ እንደ ገና በአራት መክፈል ለዓይኑ የሚጨምርለት ጥቂት ነው።

ይህን ስንል ፎር ኬ ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። ተማሪዎች ተሰብስበው የሚያዩበት ማሳያ 55 ኢንች ቢሆን የኤች.ዲ. ነጥብ ከ0.6 ሚሊሜትር ይበልጣልና በቅርብ ሲታይ ልዩነቱ ይገለጣል። የቀለሙም ስፋት በአዲሶቹ መሣሪያዎች ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው። ዋጋው ተቀራራቢ ከሆነ ይወሰድ። ነገር ግን ከስድስቱ ዕቃ አንዱ ብቻ ፎር ኬ ሆኖ የቀሩት ካልሆኑ፣ የተከፈለው ትርፍ ዋጋ በመንገድ ላይ ይቀራል። የፎር ኬ ዋጋ የተገኘው ሁለተኛ ዘንግ በመተው ከሆነ ደግሞ ግዥው በተማሪውም በበሽተኛውም ላይ የተፈጸመ በደል ነው።

ከነጥቡ ብዛት ይልቅ የቀለሙ እውነተኛነት ይበልጣል። በሆድ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ቀይ ነው፤ የሐኪሙም ብልሃት ቀዩን ከቀይ መለየት ነው። ባለ ሦስት ቁራጭ ካሜራ ብርሃኑን በፕሪዝም ከፍሎ ለቀዩ፣ ለአረንጓዴውና ለሰማያዊው ለየብቻ መቀበያ ይሰጣል። ባለ አንድ ቁራጩ በአንዱ መቀበያ ላይ በተነጠፉ ጥቃቅን ማጣሪያዎች ሥራውን ይሠራል። ባለ አንዱ ብዙ ጊዜ ቀላልና ርካሽ ነው፤ የአዲሶቹም ጥራት ተሻሽሏል። የትኛው እንደሚሻል የሚታወቀው ግን በቢራቢሮ ክንፍ አይደለም። ደም ብርሃንን ይውጣል፤ ትንሽ ደም በፈሰሰ ጊዜ ሥዕሉ በአንድ ጊዜ ይጨልማል። ሥጋ በኤሌክትሪክ ሲቃጠል ጢስ ይሞላል። ካሜራውን በዚያ ሰዓት ማየት ነው። ሻጩ ሥዕሉን በአዳራሽ ሳይሆን በእኛው የቀዶ ክፍል፣ በእኛው ሐኪም እጅ ያሳይ።

ስለ ብርሃኑም እንናገር፤ ካሜራው ያለ ብርሃን ዕውር ነውና። የዜኖን አምፑል የሚቀየረው አብዛኛውን ጊዜ 500 ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ ነው። ኤል.ኢ.ዲ. የሆነው ብርሃን እስከ 30,000 ሰዓት እንደሚሠራ ሠሪዎቹ ይናገራሉ። ሒሳቡን እንሥራ። የቀዶ ክፍሉ በቀን 5 ሰዓት፣ በሳምንት 5 ቀን ቢያበራ በሳምንት 25 ሰዓት ይሆናል። የዜኖኑ አምፑል በ20 ሳምንት ያልቃል፤ በዓመት ሁለት ወይም ሦስት አምፑል በውጭ ምንዛሪ መግዛት ይጠይቃል። ኤል.ኢ.ዲ. ግን የተባለውን ያህል ባይሆን እንኳ፣ ግማሹን ብቻ ቢሠራ፣ ከ11 ዓመት በላይ ይቆያል። ሲገዛ ርካሽ የመሰለው ብርሃን ሲኖሩበት ውድ ሆኖ የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው።

የብርሃኑ ገመድ ደግሞ ከጠጉር የቀጠኑ እጅግ ብዙ የብርጭቆ ክሮች የተሰበሰቡበት ነው። ገመዱ ሲጣመምና ሲጠመዘዝ ክሮቹ አንድ በአንድ ይሰበራሉ። ሥዕሉም ቀስ በቀስ ይጨልማል፤ ካሜራው አረጀ ተብሎም ይታማል። ምርመራው ግን ቀላል ነው። ገመዱን ከብርሃን ሰጪው ነቅሎ፣ አንዱን ጫፍ ወደ ክፍሉ መብራት አዙሮ በሌላው ጫፍ መመልከት ነው፤ የጠቆሩት ነጥቦች የተሰበሩት ክሮች ናቸው። ገመዱ ከብርሃን ሰጪው ጋር ተያይዞ ሳለ ግን ዓይንን ወደ ጫፉ ማቅረብ ክልክል ነው። «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» ያሉት አባቶቻችን ይህን ገመድ ያዩ ይመስላል።

አያያዝን ካነሣን አጣቢዋ ዘንድ ደረስን። ከቀዶው በኋላ ደሙ ሳይደርቅ ዕቃው መለቅለቅ አለበት፤ በተስማሚው ሳሙና መታጠብ፣ መነጽሩ ሳይጫር መወልወል፣ መድረቅና መመርመር አለበት፤ ከዚያም ይመከናል። እዚህ ላይ በካሜራዎች መካከል ታላቅ ልዩነት አለ። አንዳንዱ የካሜራ ራስ በአውቶክሌቭ የ134 ዲግሪ እንፋሎት ይችላል። አንዳንዱ በእንፋሎት ከገባ በዚያው ይሞታል፤ የሚመከነው በሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ፕላዝማ በመሳሰለው ቀዝቃዛ ዘዴ ነው፤ ወይም በንጹሕ ፕላስቲክ እጀታ ተሸፍኖ ይሠራበታል። እንፋሎት ብቻ ላለው ሆስፒታል እንፋሎት የማይችል ካሜራ መግዛት፣ ካሜራውን ሳይሆን ሌላ ያልታሰበ ማሽንና ዘወትር የሚገዛ መድኃኒት አብሮ መግዛት ነው።

በኬሚካል መንከርም ራሱን የቻለ ዕዳ አለው። በ2 በመቶ ግሉታራልዴሃይድ ውስጥ 20 ደቂቃ መንከር ብዙውን ተሕዋስ ይገድላል፤ ጠንካራውን የተሕዋስ ዘር ጨርሶ ለማጥፋት ግን 10 ሰዓት ያህል ይጠይቃል። ሆስፒታሉ ያለው አንድ ዘንግ ከሆነና ሦስት በሽተኞች ከተሰለፉ፣ አጣቢዋ ላይ የሚመጣውን ጫና መገመት አያዳግትም። «ቶሎ በይ፤ ሐኪሙ ቆሟል» ይባላል። ጥድፊያው የሚያመጣውን በሽታ የሚወስደው ግን ሦስተኛው በሽተኛ ነው። ውሃው በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚቋረጥ፣ ሳሙናው መቼ እንደሚያልቅ፣ አውቶክሌቩ በስንት ሰዓት እንደሚመለስ የምታውቀው እርስዋ ናት። እርስዋን ሳይጠይቁ ካሜራ መምረጥ የወጥ ቤቱን ሰው ሳይጠይቁ ድግስ መጥራት ነው።

የአገራችንም አቀማመጥ ራሱ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ናት፤ ጎንደርና መቀሌም ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸው። በአዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። አየሩ ስስ ስለ ሆነ፣ በባሕር ዳርቻ አገር 121 ዲግሪ የሚያደርሰው የአውቶክሌቭ ግፊት በእኛ ዘንድ አያደርስም፤ ጨመር ማድረግ ያስፈልጋል። የግፊቱን መርፌ ብቻ አይቶ የሙቀቱን ልክ ያላየ ሰው ያልመከነውን መከነ ይላል። የካሜራው ሣጥን ደግሞ በአየር የሚቀዘቅዝ ነው፤ ስስ አየር ሙቀትን በደንብ አያነሣም። በየመሣሪያው መጽሐፍ ውስጥ እስከ ስንት ሜትር ከፍታ እንደሚሠራ ተጽፏል፤ በአንዳንዱ 2,000 ሜትር፣ በሌላው 3,000 ሜትር ይላል። ይህችን አንዲት መስመር ሳያነቡ ውል መፈረም ደጋን በቆላ ልብስ መውጣት ነው።

የኤሌክትሪኩም ነገር እንዲሁ ነው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ጥቂት ሰከንድ ያልፋል። ማቀነባበሪያው ሣጥን ግን አንድ ጊዜ ከጠፋ እንደ ገና ነቅቶ ሥዕል እስኪሰጥ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። የደም ሥር ተከፍቶ ሳለ ሐኪሙ በዚያ ጊዜ ሁሉ ጥቁር መስተዋት ያያል። ስለዚህ ዩ.ፒ.ኤስ. የሚባለው ባለ ባትሪ ማቆያ በጨረታው ሰነድ ውስጥ እንደ ትርፍ ነገር ሳይሆን እንደ ሰባተኛ ዕቃ ሊጻፍ ይገባል።

ስለ ጥገና ደግሞ ቁጥር እንጥቀስ። በ2011 ፔሪና ማልኪን የተባሉ ተመራማሪዎች ከ16 አገሮች የተሰበሰበ የ112,040 የሕክምና ዕቃዎች መዝገብ መርምረው ነበር። በታዳጊ አገሮች ከሚገኙት ከእነዚህ ዕቃዎች 38.3 በመቶ የሚሆኑት አይሠሩም ነበር። ምክንያት ብለው ያስቀመጡትም የሥልጠና ማነስ፣ የአስተዳደር ጉድለትና የመብራት፣ የውሃና የመሳሰለው አለመሟላት ነው። ልብ በሉ፤ «ሥዕሉ ስላልጠራ» የሚል ምክንያት በዝርዝሩ ውስጥ የለም።

እኛም ለልምምድ በተላክንበት በአንድ ሆስፒታል ያየነው ይህንኑ ያረጋግጣል። ማሳያው ደኅና፣ ብርሃን ሰጪው ደኅና፣ ማቀነባበሪያው ደኅና ሆኖ፣ የካሜራው ራስ ገመድ ብቻ ከአንገቱ ላይ ተሰብሮ፣ መሣሪያው በሙሉ አረንጓዴ ጨርቅ ለብሶ ከጥግ ቆሟል። መለዋወጫው ከውጭ ይምጣ ተብሎ ደብዳቤ ተጽፏል። በሽተኞች ግን ሆዳቸው በሰፊው ይቀደዳል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ አይደለምን?

እዚህ ላይ ገዢው ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። የአንዱ ኩባንያ የካሜራ ራስ ከሌላው ኩባንያ ሣጥን ጋር አይሠራም። ስለዚህ ሣጥኑን የገዛ ሰው ለሚቀጥሉት ዓመታት ራሱንም ከዚያው ኩባንያ ለመግዛት ተገድዷል። የዘንጉ የዓይን ጫፍ ግን በብዙዎቹ ዘንድ በአንድ ልክ የተሠራ ስለ ሆነ፣ የአንዱ ዘንግ ለሌላው ካሜራ ብዙ ጊዜ ይሆናል። መቀበያው በዘንጉ ጫፍ ላይ ተሠርቶ አብሮ የሚመጣም አለ፤ ሥዕሉ መልካም ነው፣ ሲሰበር ግን ዘንጉም ካሜራውም አብረው ይሰበራሉ። ልዩ ቀለም በደም ሥር ተሰጥቶ የሐሞት ቱቦንና የደም ዝውውርን የሚያበራ ካሜራም ይቀርባል። ጥቅሙ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ቀለሙ በየጊዜው መገዛት አለበት። ቀለሙ በመድኃኒት ቤታችን ዘወትር የማይገኝ ከሆነ ለዚያ ችሎታ የተከፈለው ገንዘብ ተኝቶ ይቀራል።

ይህን ሁሉ ስንል የሚነሡብንን ተቃውሞዎች እናውቃለን። ከመምህራኖቻችን አንዳንዶቹ «መሣሪያውን የምንይዘው እኛ ነን፤ እኛ እንምረጥ» ይላሉ። እውነት አላቸው፤ እጃቸው የማይወደውን መሣሪያ ማንም ሊጭንባቸው አይገባም። እኛ የምንለው ብቻቸውን አይምረጡ ነው። የማይታጠብ ካሜራ በመጨረሻ የሚያሳፍረው እነርሱኑ ነውና። የግዥ ሰዎች ደግሞ «ዝቅተኛውን ዋጋ ካልወሰድን እንጠየቃለን» ይላሉ። እነርሱም እውነት አላቸው። መልሱ ግን ዝቅተኛውን ዋጋ መተው ሳይሆን ዋጋ ምን እንደ ሆነ በሰነዱ ውስጥ አስቀድሞ በትክክል መጻፍ ነው። «ስጦታ ደግሞ ይመረመራልን?» የሚሉም አሉ። አዎን፣ ይመረመራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ስለ ሕክምና ዕቃ ስጦታ ባወጣው መመሪያ፣ ዕቃው ለተቀባዩ ፍላጎት ተስማሚ መሆኑ አስቀድሞ እንዲታይ አሳስቧል። የማይሠራ ስጦታ ቦታ ይይዛል፣ ጠባቂም ይፈልጋል።

እንግዲህ ነቅፎ መሄድ ብቻ የተማሪ ሥራ አይደለምና፣ መፍትሔ ይሆናል ያልነውን እናቀርባለን።

አንደኛ፤ የምርጫው ጉባኤ ከቀዶ ሐኪሙ ጋር የማኅፀን ሐኪሙን፣ የቀዶ ክፍሏን ነርስ፣ የእጥበትና የማምከኛ ክፍሏን ሠራተኛ፣ የሕክምና መሣሪያ መሐንዲሱንና የግዥውን ሰው ይያዝ። የአጣቢዋና የመሐንዲሱ ቃል ለምክር ብቻ ሳይሆን ድምፅ ያለው ይሁን። «ይህን ማጠብ አንችልም» ወይም «ይህን መጠገን አንችልም» ካሉ ነገሩ እንደ ገና ይታይ።

ሁለተኛ፤ ለመጨረሻው ዙር የደረሱት መሣሪያዎች እያንዳንዳቸው ሁለት ሳምንት በእኛው የቀዶ ክፍል ይሞከሩ። በየቀኑ ሐኪሙ ስለ ሥዕሉ፣ ነርስዋ ስለ አገጣጠሙ፣ አጣቢዋ ስለ እጥበቱ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ።

ሦስተኛ፤ የሚወዳደረው የመግዣው ዋጋ ብቻ ሳይሆን የስምንት ዓመት ዋጋ ይሁን። አምፑሉ፣ ገመዱ፣ እጀታው፣ የማምከኛው መድኃኒት፣ ጥገናውና ሥልጠናው ሁሉ ተደምሮ ይቅረብ። መጥኖ መደቆስ አስቀድሞ ነው።

አራተኛ፤ አንድ እጅግ የጠራ መሣሪያ ከመግዛት በፊት መጠባበቂያው ይሟላ። ቢያንስ ሁለት የካሜራ ራስ፣ ሦስት ዘንግና ሁለት የብርሃን ገመድ የሌለው የቀዶ ክፍል በአንድ ክር የተንጠለጠለ ነው። ከዚህ የተረፈ ገንዘብ ካለ ያን ጊዜ ፎር ኬ ይገዛ።

አምስተኛ፤ ውሉ ውስጥ የጥገናው መጽሐፍ እንዲሰጥ፣ የእኛው መሐንዲሶች እንዲሠለጥኑ፣ መለዋወጫ በአገር ውስጥ እንዲቀመጥ፣ ጥገናው ከተወሰነው ቀን ካለፈ ሻጩ ተለዋጭ ዕቃ እንዲያውስ ይጻፍ። የሚሠራበት ከፍታም በግልጽ ይጠቀስ።

ስድስተኛ፤ ለእያንዳንዱ ዕቃ መዝገብ ይከፈት። ስንት ቀዶ እንደ ሠራ፣ መቼ እንደ ታጠበ፣ መቼ እንደ ተበላሸ፣ ስንት ቀን እንደ ቆመ ይመዝገብ። የሚቀጥለው ግዥ በሻጩ መጽሔት ሳይሆን በዚህ መዝገብ ይመራ።

መዝገቡን በመያዝ ረገድ እኛ ተማሪዎች ሥራ አለን። የምህንድስና ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ከመደርደሪያ ላይ አቧራ ለሚጠጣ ርእስ ከሚሰጡ፣ በማስተማሪያ ሆስፒታሉ የቆሙትን ዕቃዎች ቆጥረው ለምን እንደ ቆሙ ቢጽፉ ለአገር የሚጠቅም ሥራ ሠሩ ማለት ነው። የሕክምና ተማሪዎችም ሥዕሉን ከማድነቅ አልፈን ገመዱን ሳያጣምሙ መጠቅለልን፣ ዘንጉን ሳይጥሉ መያዝን፣ ያየነውን ጉድለት በጊዜው መናገርን እንማር። ነገ ሐኪም ሆነን በምርጫው ጉባኤ የምንቀመጠው እኛው ነንና፣ ከጐናችን ማን መቀመጥ እንዳለበት ዛሬ እንወቅ።

ለቀዶ የተኛው ሰው የካሜራውን ስም አይጠይቅም። ፎር ኬ ይሁን ኤች.ዲ. ለእርሱ ሁሉም አንድ ነው። የሚፈልገው መሣሪያው ንጹሕ እንዲሆን፣ በመካከል እንዳይጠፋና ቶሎ ወደ ሥራው እንዲመልሰው ነው። ይህን የሚፈጽምለት መሣሪያ በአንድ ሰው ዓይን ተመርጦ አይገኝም። ስለዚህ የሚመለከታችሁ መምህራንና የሆስፒታል አስተዳዳሪዎች ሆይ፣ የሚቀጥለው የጨረታ ሰነድ ከመጻፉ በፊት ወደ እጥበት ክፍሉ ወርዳችሁ አጣቢዋን ጠይቁ። የምትነግራችሁ በማናቸውም ሻጭ መጽሔት ውስጥ ተጽፎ አይገኝም።